ማኅተሜ ያረፈበት ወረቀት

ምዕራብ ሐረርጌ፣ ጭሮ ሆስፒታል በሠራሁባቸው ዓመታት ትልቁ ራስ ምታቴ ወንዶች ነበሩ። ሴቶቹማ ይመጣሉ። ከቦኬ፣ ከበደሳ፣ ከመቻራ፣ በአይሱዙ ተጭነው፣ ከሚኒባስ ወርደው በባጃጅ፣ አንዳንዴም ግማሹን መንገድ በእግራቸው ይመጣሉ። ልጅ ያልወለደች ሴት ደም ስጪ ስትባል ትሰጣለች፣ ሽንት ስትባል ትሰጣለች፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሺ ስትባል በቀኑ በር ላይ ቁጭ ብላ ትገኛለች። ባልሽን ይዘሽ ነይ ስላት ግን ነገሩ እዚያ ላይ ያከትማል።

ሐኪም ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ከማከም ይልቅ ማጥናቱ ነበር የሚበዛብኝ። ጥናቱ ልጅ ለመውለድ የተቸገሩ ባልና ሚስቶችን የሚመለከት ነው፤ ችግሩ ከማን በኩል እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንዳለው ለማወቅ። ሐሳቡ የራሴ ስለነበር እኮራበት ነበር። በአካባቢው ልጅ ከቀረ ጥፋተኛዋ ሴቲቱ ናት። በኦሮምኛ መሴና ይሏታል፣ መካን ማለት ነው፤ ለላምም ያው ቃል ነው የሚያገለግለው። እኔ ከአዲስ አበባ ተመድቤ ስመጣ ወንዶቹንም አስመረምራለሁ ብዬ ፎክሬ ነበር የመጣሁት።

ስለ አንዲት ሴት ነው የምጽፈው። እሷም ሆነች ባሏ እንዳይታወቁ መንደራቸውንና አንዳንድ ነገራቸውን አድበስብሼዋለሁ። የራሴን ጥፋት ግን እንዳለ ነው የተውኩት።

መጀመሪያ ሁለት የኔ ብልሃቶች እንዴት እንደመጡ ልናገር፤ ነገሩን ሁሉ ያበላሹት እነሱ ናቸውና።

የወንድ ምርመራ የዘር ፈሳሽ ናሙና ይጠይቃል። ሆስፒታሉ ለዚህ የሚሆን ክፍል አልነበረውም። የነበረው ከላቦራቶሪው ጀርባ ያለ መጸዳጃ ቤት ነው፤ በሩ አይቆለፍም፣ ተራ ጠባቂው በየደቂቃው ያንኳኳል። ስንቱ ወንድ እዚያ ገብቶ ላብ በላብ ሆኖ ባዶ ዕቃውን መልሶልኛል። አንዱ የበደሳ ሰው የፕላስቲክ ዕቃዋን በአጥር ወርውሮ እስከዛሬም አልተመለሰም። እናም አንድ ቀን ተናድጄ ሕግ አወጣሁ። ወንዶቹ ክዳን ያላትን ዕቃ ይዘው በር ላይ ወዳለው አልቤርጎ ይሂዱ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዳይቀዘቅዝ ብብታቸው ሥር አድርገው ያምጡት አልኩ። ሠራ። ወንዶቹ አንድ ክንዳቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ ማንንም ሳያዩ፣ አስፋልቱን ሲሻገሩ በመስኮት እያየሁ እስቅ ነበር።

አብራኝ የምትሠራው ሲስተር አልሳቀችም። ሲስተሯ የጭሮ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ታላቄ፣ ስንት ሰው በእጇ ያዋለደች፣ እኔ ኦሮምኛ ስለማልችል አስተርጓሚዬም እሷ ነበረች።

«ዶክተር፣ ይሄ ነገር አላማረኝም» አለችኝ። «እዚህ አገር ወንድ ከተማ ብቻውን አይመጣም። ከጓደኛው ጋር ነው፣ ከወንድሙ ጋር ነው። ዕቃዋን ይዞ የገባውና ሞልቶ ያመጣው አንድ ሰው መሆኑን ማን አየ?»

«ታዲያ አንቺ ሄደሽ በር ላይ ቁሚላቸው» አልኳት።

«እኔማ አልቆምም። የላቦራቶሪው ልጅ ይቁም።»

የላቦራቶሪ ባለሙያውን ጠየቅነው፤ ከዚህ ሥራ መልቀቅ ይሻለኛል አለ። እኔስ? ስለ ወንድ ዘር በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ንግግር ያደረግሁ ሴት ነኝ። ከአልቤርጎ በር ላይ ቆሜ ባጃጅ ነጂዎች ሲያዩኝ ግን ታየኝና አፈርኩ። ስለዚህ ማንም አልቆመም፤ ሕጉም እንዳለ ቀጠለ።

ሁለተኛው ብልሃቴ ወረቀቱ ነበር። በገጠሩ ጥናት ሊያደርግ የሚመጣ ሁሉ ደም ቀድቶ ይሄዳል፣ ሰዉም ደማችንን ወሰዳችሁ፣ ወሬውን ግን አልነገራችሁንም ይላል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን እንደሌሎቹ አልሆንም ብዬ ሁሉም ሰው ውጤቱን በእጁ ይያዝ አልኩ። በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ማንም ያነበበው እንዲገባው በግልጽ ተጽፎ፣ ፊርማዬና ማኅተሜ አርፎበት ይሰጠዋል። ሰዎቹ ወረቀቱን ሲቀበሉ በሁለት እጃቸው ነበር።

ባልና ሚስቱ የመጡት በጥር ነው። እሱ ከቦኬ በኩል ጫት አምርቶ የሚሸጥ፣ ሠላሳውን ያለፈ፣ ንጹሕ ሽርጥ የሚታጠቅ፣ አማርኛውን በንግድ የለመደ ሰው። እሷ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ የትውልድ አገሯ መቻራ በኩል። በተጋቡ ሰባት ዓመታቸው። ወረፋ ሲጠብቁ የሷን ፌስታል እሱ ነበር የሚይዘው። በዚያ ኮሪደር ውስጥ የሚስቱን ፌስታል የሚይዝ ወንድ አይቼ አላውቅም። ሲስተሯ በኦሮምኛ ስትቀልድበት አንገቱን ደፍቶ ሳቀ፤ ፌስታሉን ግን አልለቀቀም።

ለብቻዋ ሳናግራት ነገሩን ነገረችኝ። የባሏ እናት ሌላ ሴት አጭታለት ነበር። እሱ አንድ ዓመት ስጡኝ፣ ላሳክማት ብሎ አስታግሷል። ዓመቱ ሊያልቅ ስምንት ወር ቀርቶታል። የባሏ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ የሚወረሰው መሬት ሰፊ ነው፣ ባዶ ማህፀን ይዛ ሰባት ዓመት የኖረችን ሴት ከዚህ በላይ የሚታገሣት የለም።

«ቤቴን ነው የያዝሽው ዶክተር» አለች፤ ሲስተሯ ተረጎመችልኝ። «እይልኝ።»

ሁሉንም አየሁላት። የደሙም የአልትራሳውንዱም ምርመራ ጤነኛ ነው። የቀረው ቀለም በማህፀን ተረጭቶ የሚነሳው ራጅ ነበር፤ ለሱ ድሬዳዋ ሄደች። የሚያም ምርመራ ነው። ስትመለስ በሁለት ጣቷ የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ነበር የተቀመጠችው። ፊልሙን ወደ መስኮት ዘርግቼ አየሁት። የማህፀኗ ቱቦዎች ሁለቱም ክፍት ናቸው፣ ቀለሙ አልፎ ፈስሷል። ፊልሙ አንድ ብቻ ስለነበርና አዲስ አበባ ያለ ሌላ ባለሙያ እንዲያየው የጥናቱ ደንብ ስለሚያዝ በፋይሌ አስቀረሁት። የሷ ወረቀት ያ ሲያልቅ ይደርሳል አልኳት። እሺ አለች።

እሱ ናሙናውን ሊሰጥ የመጣው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃዋን ወሰደ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ አንድ ሰዓት አለፈ። ሲስተሯ ሰዓቷን አይታ እኔን አየችኝ። በመጨረሻ ክንዱን አጣብቆ መጣና ዕቃዋን ሰጠን፤ ሞቅ ያለች ነበረች። የላቦራቶሪ ባለሙያው ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ሳቀ፤ ይሄ ሰውዬ መንደር ይሞላል አለ። ውጤቱ ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነበር። «በባል በኩል ምንም ችግር የለም» ብዬ በሁለቱም ቋንቋ ጽፌ ማኅተሜን አሳረፍኩበት።

ያን ዕለት ለሁለቱም ስነግራቸው ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ደስታዬ ያናድደኛል። እሱ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳያነበው አጠፈው። እሷ ወደ ሲስተሯ ዞር ብላ አንድ ነገር ጠየቀች።

«እንግዲያ ከኔ ነው? ትላለች።»

«በሷም በኩል ያገኘሁት ችግር የለም፤ አንዳንዴ ምክንያቱ አይታወቅም በያት» አልኩ። ሲስተሯ ረዘም አድርጋ ተረጎመችላት። ሴትየዋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ልጅ ለምን እንዳልመጣ እንደማናውቅ ለመናገር ስድስት ወር ያስመላለስናትን ሰው ያ አነጋገር ምን እንደሚጠቅማት አላውቅም።

ሁለት ወር ሳይሞላ መፋታታቸውን ሲስተሯ ከገበያ ሰምታ መጣች። ጃርሶች፣ ያገር ሽማግሌዎች ማለት ነው፣ በቦኬ የገበያ ቀን ተቀምጠው ነበር። የባልየው እናት ወረቀቱን ከሳጥን አውጥታ ለጃርሶቹ ሰጠች። አንድ አስተማሪ ቆሞ አነበበው። ድገመው አሉት፣ ደገመው። ማኅተሙን ከእጅ ወደ እጅ እያስተላለፉ አዩት። ከዚያ አንቺስ ወረቀትሽ የታለ ተባለች። ወረቀት አልነበራትም። ውጤቷ እኔ ጋ ነበር የቀረው።

ባልየው በስብሰባው ላይ ቃል አልተነፈሰም አሉ። እሷ ልብሷን ጠቅልላ መቻራ እናቷ ቤት ገባች።

ያን ሳምንት ሰው ሁሉ ላይ እጮህ ነበር። በጃርሶቹ ተናደድኩ፣ በአማቷ ተናደድኩ፣ ባነበበው አስተማሪ ሳይቀር ተናደድኩ። በራሴ ለመናደድ ገና ጊዜ ነበረኝ። ፊልሙም ከአዲስ አበባ ተመልሶ መጥቶ መሳቢያዬ ውስጥ ገባ፤ ልልክላት አስቤ በማን እጅ እንደምልክ ሳላውቅ ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት የሆስፒታሉን አንድ የዕቃ ክፍል ለምኜ አገኘሁ። ቁልፍ ያለው በር ተገጠመለት፣ መስኮቱ ላይ ጋዜጣ ተለጠፈ፣ ወንበር ገባ። የአልቤርጎው ጉዞ ቀረ።

በጥቅምት ያ ባል ሌላ ሚስት ይዞ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓመት አልፏቸው ልጅ አልመጣም። እሱ ከስቷል። ፌስታሏን አልያዘላትም። የአዲሱን ክፍል ቁልፍ ስሰጠው እጁን ሳይዘረጋ ቆመ።

«አልቤርጎው ይሻለኛል ዶክተር።»

«አልቤርጎው ቀርቷል።»

«እንግዲያ ድሮ የሰጠሁት አለ አይደል፤ ወረቀቱ እቤት አለ።»

«ዓመት አልፎታል፤ እንደገና ነው የምናየው» አልኩት። ያኔም አልገባኝም። ሰው ሲያፍር አይቼ አይቼ ለምጄው ነበርና የሱንም እንደ ሌላው ቆጠርኩት። ቁልፉን ወሰደ፤ ብዙ ቆይቶ ወጣ።

የላቦራቶሪ ባለሙያው ጠራኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ባዶ ነው። በማሽን አሽከርክሮ የታችኛውን ዝቃጭ አሳየኝ፤ ባዶ። ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ ናሙና ሰጠ፤ ያም ባዶ። አንድም የወንድ ዘር የለም። የድሮውን ውጤት አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። በሽታ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፣ በመሐል ታሞ እንደሆነ ብዬ መጽሐፍ ሁሉ አገላብጫለሁ። ሲስተሯ ሁለቱን ወረቀቶች ቆማ አየቻቸውና በመስኮት ወደ አልቤርጎው አመልክታኝ ወጣች። ያን ጊዜ ገባኝ።

ብቻውን አስጠራሁትና በሩን ዘጋሁ። ልጮህበት ነበር የተዘጋጀሁት።

«ያ የመጀመሪያው የማን ነው?» አልኩት።

አላንገራገረም። «የወንድሜ» አለ። «ወላሂ ዶክተር፣ ላጭበርብር ብዬ አይደለም። አቦ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ፣ አልሆነልኝም። ወንድሜ በር ላይ ነበር። ‹እኔ ልስጥልህ› አለኝ።»

«ሌላ ሰው እኮ ነው!»

«ምን ማለት ነው ሌላ ሰው? ከአንድ እናት ነን። አባቴ እዚሁ ሆስፒታል ተኝቶ ደም አምጡ ስትሉን የኔ አነሰ ተባለ። ወንድሜ በኔ ፋንታ ሰጠ። ‹ያው ነው፣ የቤተሰብ ነው› አላችሁ እናንተው። ጃርሶች ፊት እኔ ሳልኖር እሱ ስለኔ ይቆማል፣ ቃሉ ቃሌ ነው። ያ ሁሉ ያው ሆኖ ይሄ ብቻ ለምን ሌላ ይሆናል?»

በሰባት ዓመት ትምህርት የተማርኩት ነገር ሁሉ ለዚህ ጥያቄ አንድ አጭር መልስ አልነበረውም። የፈቃደኝነት ቅጻችን ላይ ስምንት ገጽ ሙሉ ስለ መብትና ግዴታ ጽፈናል፤ የራስህን አምጣ የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለበትም። ማን ያስባል?

ቀስ ብዬ አስረዳሁት። ዘር እንደ ደም እንዳልሆነ፣ ወንድሙ ሦስት ልጅ ወልዶ እሱ ላይወልድ እንደሚችል ነገርኩት። አዲስ አበባ ሄዶ የሚያደርገው ተጨማሪ ምርመራ እንዳለ፣ ተስፋው ግን ትንሽ እንደሆነም አልደበቅኩትም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ። ሳበቃ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ራሱ አልነበረም።

«እሷ ታዲያ?» አለ። ስለ መቻራዋ ነው። «እሷ ምንም የለባትም?»

«ምንም የለባትም።»

ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነና አለቀሰ። እኔም ልቤ ተሰበረለት፤ አልዋሽም። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ ለመነኝ። «አትንገሪያት። እሷ ከሰማች እናቷ ትሰማለች፣ ገበያው ይሰማል፣ ቦኬ ይደርሳል። እኔ እዚያ አገር ሰው ሆኜ መኖር አልችልም።» አልናገርም አልኩት። የሕክምና ምስጢር ነው፤ ቃል ባልገባለትም መናገር አልችልም ነበር። ነገሩ ከሷ እንዲመስል ለአዲሷ ሚስቱ ቪታሚን ስጪልኝ ሲለኝ ግን ተቆጣሁ፤ ለሷ ራስህ ንገራት ብዬ ሰደድኩት። አልነገራትም መሰለኝ። ሁለቱም ተመልሰው አልመጡም።

በማግስቱ ሲስተሯ በሩን ዘግታ ተቀመጠች።

«ያቺን ልጅ እንጥራት» አለችኝ።

«የሱን ምስጢር ማውጣት አንችልም።»

«የሱን ማን አለሽ? የሷን ንገሪያት። ፊልሟ መሳቢያሽ ውስጥ ነው። ጤነኛ ነሽ በያት። የራሷን ጤና ለራሷ መንገር ምን ሕግ ይከለክለዋል?»

ምንም ሕግ አይከለክለውም። ያን ዕለትም አውቀው ነበር። ለሲስተሯ ግን ሌላ ነገር አወራሁላት። ጤነኛ ነሽ ብለን ከአንድ ዓመት በኋላ ብንጠራት ለምን አሁን ትላለች፣ ከዚያ ወደ እሱ ትደርሳለች፣ በተዘዋዋሪ ምስጢር ማውጣት ነው አልኳት። ለጆሮም ለቁም ነገርም ጥሩ የሚመስል ንግግር ነበር። ከንግግሩ በታች ያለውን ልናገር። የጥናቱ ሪፖርት የሚላክበት ጊዜ ደርሶ ነበር። አንድ ሰው የወንድሙን ካመጣ ስንቱ የወንድሙን፣ ስንቱ የጓደኛውን እንዳመጣ ማን ያውቃል? አልቤርጎ የሄዱት ወንዶች ውጤት ሁሉ ሊጣል ነው። የሦስት ዓመት ልፋቴ ነው። ነገሩ ከዚህች ልጅ ጀምሮ ቢወራ ወደ እኔ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። ምስጢር ጠባቂነት የሚለውን ትልቅ ቃል ለራሴ ፍርሃት መሸፈኛ አደረግሁት።

«ሪፖርቱ ይሂድ፣ ከዚያ እንጠራታለን» አልኳት ሲስተሯን። ትንሽ አየችኝና ተነስታ ሄደች።

ሪፖርቱ በታኅሣሥ መጨረሻ ሄደ። ስለ አልቤርጎው የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፤ የናሙና አሰባሰቡ ውስንነት ነበረው የሚል። ከዚያ ጥር መጣ፣ ስብሰባ ነበረብኝ። የካቲት መኪናው ተበላሸ። መጋቢት ላይ መንገዱ ጥሩ አይደለም ተባለ። ምክንያት የሚፈልግ ሰው ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ አያጣም።

በሚያዝያ ወደ መቻራ ለሥራ ወጣን፤ እኔ፣ ሲስተሯና ሾፌሩ፣ ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንዱን ይዘን። ፊልሙን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ከዕቃዬ ጋር ጨመርኩት። የጭሮዋ ዶክተር መጣች ሲባል የጤና ጣቢያው ግቢ በሴቶች ሞላ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስሟ ተጠራ። እናቷን ተደግፋ ነበር የመጣችው። እናቲቱ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ቀረች፤ እሷ ገባች። ትረሳኝ ይሆናል ብላ ፈርታ መሰለኝ ፈገግ አለችልኝ። ያ ሁሉ ቁመት ተሰብሮ ነበር።

ወንበሩ ላይ ሳትደላደል፣ ምን ሆነሽ መጣሽ ብዬ እንኳ ሳልጠይቃት ፊልሙን አውጥቼ መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። ቸኮልኩ። ስድስት ወር ያረፈድኩት ሴትዮ ያኔ ቸኮልኩ።

«ተመልከቺ፣ ይሄ ያንቺ ነው» አልኳት። «ቱቦዎችሽ ክፍት ናቸው። ጤነኛ ነሽ። ልጅ መውለድ ትችያለሽ።»

ሲስተሯ ተረጎመችላት። ሴትየዋ ፊልሙን አየችው። ከዚያ እጇን ከእምብርቷ በታች አድርጋ ማውራት ጀመረች፤ ሲስተሯ እየሰማች መተርጎሙን ረሳችው። ምን አለች፣ ምን አለች እያልኩ ጎተጎትኳት።

ቡና ለቀማ ሲያልቅ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ቡና ሰብሳቢ አስጠይቋት ነበር። ደግ ሰው ነው። እሷም ወዳው ነበር። እናቷ ግን በመሴናነት ሁለተኛ እንዳትመለስ ከማግባቷ በፊት ማህፀኗ ይጠረግ አለች። መድኃኒት የምታውቅ አሮጊት አለች ተባለ። አሮጊቷ የተቀጠቀጠ ሥር በጨርቅ ቋጥራ አስገባችላትና ሦስት ቀን እንዳታወጪው አለቻት። በሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ከዚያ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ከዚያ አንድ ወር አልጋ። ሰውየው ሁለቴ መጥቶ ጠየቃት፤ ሦስተኛ አልመጣም። አሁንም ሆዷን ከታች ያማታል፤ የመጣችው ለዚህ ነው።

አስተኝቼ አልትራሳውንዱን አሳረፍኩባት። ቀኙ ቱቦ አብጦ ውሃ ቋጥሯል። ግራውም እንደዚያው። እጄ እዚያው ላይ ቆመ። ድሬዳዋ ድረስ ሄዳ፣ ተሰቃይታ ያስነሳችው ፊልም ከኋላዬ መስኮቱ ላይ ነበር፤ የኔ ጥቅም የሌለው ፊልም።

«አሁንስ?» አለች። ይህን በአማርኛ ነው ያለችው።

«አሁን ተዘግቷል» አልኳት። እንደዚህ ዓይነቱን ቱቦ የሚከፍት ሕክምና በዚህ አገር ለሷ እንደማይደርሳት ሲስተሯ አስረዳቻት። በማህፀን ሳይሆን በላቦራቶሪ የሚፀነስበት መንገድ አዲስ አበባ እንዳለ ጀመርኩና የማወራው ለራሴ መሆኑ ታውቆኝ አቆምኩ።

ተነስታ ተቀመጠች። የቀባኋትን ጄል ከሆዷ ላይ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ ለሲስተሯ ተናገረች።

«ቦኬ ያለችው አዲሷ ሚስቱም አልወለደችም ይላሉ ትላለች» አለች ሲስተሯ። «እንግዲያ ከኔ አልነበረም ትላለች።»

ስለ እሱ መናገር አልችልም። አልተናገርኩም። አንገቴን ደፋሁ፤ እሱ ራሱ መናገር ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ዮም ቤክቴ?» አለችኝ።

ሲስተሯ አልተረጎመችውም። ማሽኑን ትጠቀልል ጀመር። መተርጎምም አያስፈልገውም ነበር፤ በስንት ዓመት ያቺን ያህል ኦሮምኛ ለምጃለሁ። መቼ አወቅሽ ነው ያለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ጥቅምት» አልኳት።

በአውራ ጣቷ የጣቶቿን አንጓ እየነካች ቆጠረች። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ጥር ላይ ቆመች። አሮጊቷ ጋ የሄደችው በጥር ነው። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም፤ ብትረግመኝ እወድ ነበር። ሻሿን አስተካክላ ጫማዋን አጠለቀች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆማ ለሲስተሯ ረዘም ያለ ነገር ነገረቻት። ሲስተሯ ቃሉን ሳታለዝብ ነገረችኝ።

«እናቴ ውጭ ተቀምጣለች ትላለች። ወደዚያች አሮጊት የወሰደችኝ እሷ ናት፤ ይህን ካወቀች ትሞትብኛለች። ከኔ እንደ ደበቅሽው ከሷም ደብቂልኝ ትላለች።»

ተከትዬያት ወጣሁ። እናቲቱ ከአግዳሚው ተነስታ ዓይኖቼን አየች። «ደህና ናት በያት» አልኩ ለሲስተሯ። «ትንሽ ቁስል ነው፤ መድኃኒት አዝዤላታለሁ፤ ይድናል።» ሲስተሯ ተረጎመችላት። እናቲቱ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና ረጅም ምርቃት መረቀችኝ። ልጅቷ አጠገባችን ቆማ መሬት መሬት ታይ ነበር።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ውለጂ፣ ክበጂ ነው የምትልሽ» አለች ሲስተሯ። «አሜን በያት፣ እየጠበቀች ነው።»

«አሜን» አልኳት።